ቦታዋን የለቀቀችው ኮከብ

ታሪኩ የሚጀምረው ልጅ እንኳ ሊሠራው በሚችል የቁጥር ጨዋታ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይያዙና 0፣ 3፣ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96 ብለው ይጻፉ። ከ3 በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የቀዳሚው እጥፍ ነው። በሁሉም ላይ 4 እየደመሩ ለ10 ያካፍሉ። 0.4፣ 0.7፣ 1፣ 1.6፣ 2.8፣ 5.2 እና 10 ያገኛሉ። መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት 1 ብለን ብንነሣ፣ ሜርኩሪ 0.39፣ ቬነስ 0.72፣ ማርስ 1.52፣ ጁፒተር 5.2፣ ሳተርን 9.5 ላይ ናቸው። ቁጥሮቹ እጅግ ይቀራረባሉ። ባለቤት ያጣው አንድ ብቻ ነው፤ 2.8። በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ።

ይህን ስሌት በ1766 ያሰፈረው ዮሐን ቲቲየስ የተባለ የቪተንበርግ ፕሮፌሰር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከስድስት ዓመት በኋላ ዮሐን ቦደ የተባለ ወጣት የሥነ ፈለክ ሰው ወስዶ በራሱ መጽሐፍ አስገባው፤ ዝናውም ከቲቲየስ ይልቅ ለእርሱ ሆነ። ሁለቱም ፈጣሪ ያን የሚያህል ቦታ ባዶ ይተወዋል ብለው አላመኑም። ዛሬ ይህ ስሌት ከሕግ ይልቅ እንደ ግጥምጥሞሽ ነው የሚቆጠረው፤ ኔፕቱን በ1846 ስትገኝ ስሌቱ 38.8 ላይ ሲጠብቃት እርሷ 30 ላይ ነበረች። በዘመኑ ግን ይህን ማንም አያውቅም። እንዲያውም ማርች 13 ቀን 1781 ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ሙዚቀኛው ዊልያም ኸርሸል በራሱ እጅ በሠራው ቴሌስኮፕ ዩራኑስን ሲያገኝ፣ አዲሷ ፕላኔት 19.2 ላይ ሆና ተገኘች። ስሌቱ ያለው 19.6 ነበር። ተጠራጣሪውም አመነ። እንግዲህ 2.8 ላይም አንዲት ፕላኔት መኖር አለባት ተባለ።

በዚያው ሰሞን ጁዜፔ ፒያትሲ የተባለ ካህን በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሲሲሊ አገሩ አይደለችም። የተወለደው በ1746 በሰሜን ኢጣሊያ ተራሮች ሥር፣ ፖንቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ገና በወጣትነቱም የቴያቲን ካህናት ማኅበርን ተቀላቀለ። የሥነ ፈለክ ትምህርቱን በወጉ የያዘው ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው። በፓሌርሞ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ሊቋቋም ሲታሰብ፣ በ1787 ሙያውን እንዲቀስምና መሣሪያ እንዲገዛ ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን ተላከ። ፓሪስ ላይ ከታዋቂው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከላላንድ ጋር ሠራ። እንግሊዝ ሲደርስ ኸርሸልን ጎበኘ፤ የኸርሸልን ግዙፍ ቴሌስኮፕ ለማየት ከወጣበት መሰላል ወድቆም ክንዱን ተሰበረ።

ለንደን ድረስ ያስኬደው ዋናው ጉዳይ ግን ጄሲ ራምስደን ነበር። በዘመኑ የመለኪያ መሣሪያ በመሥራት ራምስደንን የሚተካከል አልነበረም፤ ሥራ በማጓተትም እንዲሁ። ፒያትሲ ያዘዘው አምስት ጫማ ስፋት ያለው፣ ዙሪያው በጥቃቅን መስመሮች የተከፋፈለና ቴሌስኮፕ የተገጠመለት ክብ መለኪያ ነው። ራምስደን ሥራውን ሲጀምር ሲተው፣ ሲተው ሲጀምር ፒያትሲ ከአጠገቡ አልጠፋም። እየለመነም እየጎተጎተም በ1789 አስጨረሰው። መሣሪያው በመርከብ ተጭኖ ፓሌርሞ ገባ። በ1790 በንጉሣዊው ቤተ መንግሥት፣ ሳንታ ኒንፋ በሚባለው ማማ አናት ላይ መመልከቻው ተቋቋመ። በጊዜው በአውሮፓ ምድር ከእርሱ ይልቅ ወደ ደቡብ የተጠጋ መመልከቻ አልነበረም፤ ሰማዩም ከለንደንና ከፓሪስ ይልቅ የጠራ ነው።

ፒያትሲ እዚያ ማማ ላይ አዲስ ፕላኔት አልፈለገም። የተነሣው የከዋክብትን መዝገብ ለማዘጋጀት ነው፤ እያንዳንዷ ኮከብ በሰማይ ላይ ያላትን ቦታ ለክቶ መጻፍ። ከውጭ ሲያዩት አሰልቺ ሥራ ነው። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ቴሌስኮፑ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደግኖ ይጠብቃል፤ መሬት ስለምትዞር ኮከቧ በራሷ ጊዜ ወደ መነጽሩ ትገባለች። በመነጽሩ ውስጥ ቀጥ ብለው የተወጠሩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ተመልካቹ ዓይኑን ሳይነቅል በጆሮው የሰዓቱን ምት ይቆጥራል፤ ኮከቧ ክሩን ስትሻገር ስንተኛው ምት ላይ እንደሆነች ይናገራል፤ ረዳቱ ይጽፋል። ከዚያም በክቡ ላይ የተቀረጹትን መስመሮች በማይክሮስኮፕ ያነባሉ፤ ያ የኮከቧ ከፍታ ነው። አንዲቱ አለቀች። ቀጣይዋ ትመጣለች።

ፒያትሲ ታዲያ አንድ ጥብቅ ልማድ ነበረው። አንዲትን ኮከብ አንድ ሌሊት ብቻ ለክቶ በመዝገብ አያሰፍርም። በማግሥቱ፣ ከተቻለም በሠልስቱ፣ ያችኑ ኮከብ ደግሞ ይለካል። እጅ ይስታል፤ ጆሮ ምት ይዘላል፤ መሣሪያም በብርድና በሙቀት ይለዋወጣል። ስሕተቱን የሚያጋልጠው ድግግሞሹ ነው። የዚህ ታሪክ ቁልፍ፣ በእኔ እምነት፣ ያለው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው።

ወደ ሰሜን እንሻገር። በሴፕቴምበር 1800፣ በጀርመን ብሬመን አጠገብ ባለችው ሊሊየንታል፣ ስድስት ሰዎች በዮሐን ሽሮተር መመልከቻ ተሰበሰቡ። የጉዳዩ ቆስቋሽ የጎታው የሥነ ፈለክ ሊቅ ባሮን ፎን ዛክ ነው። ፕላኔቷ በአጋጣሚ እስክትገኝ ከምንቀመጥ አደን እንውጣ አለ። ፕላኔቶች የሚመላለሱበትን የሰማይ መቀነት፣ እነ ሐመልና ሠውር ያሉበትን፣ ለሃያ አራት ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል ከመላው አውሮፓ ለተመረጠ አንድ ተመልካች እንዲሰጥ ወሰኑ። ራሳቸውንም የሰማይ ፖሊስ ብለው ጠሩ፤ የተሰወረችውን የፀሐይ ዜጋ አሳደው የሚይዙ ማለታቸው ነው። ከሃያ አራቱ ስሞች አንዱ ፒያትሲ ነበር። የግብዣው ደብዳቤ ግን ገና አልደረሰውም። አውሮፓ በጦርነት ላይ ነበረች፤ ፖስታም እንደ ዕድሉ ነው።

ደብዳቤው ሳይደርስ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ደረሰ፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 24 ቀን 1793 ዓ.ም. ማለት ነው። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ሌሊት ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፒያትሲ በሠውር ኮከቦች መካከል አንዲት ኮከብ ይጠብቃል፤ በፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በላካይ መዝገብ 87ኛ ተብላ የተጻፈችውን። እርሷ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ትንሽ ኮከብ ቀደመቻት። ብርሃኗ ደከም ያለ፣ ቀለሟ ወደ ጁፒተር የሚጠጋ ነው። እንደ ወጉ ለካት፤ ረዳቱም ጻፈ። በዚያ ሌሊት የሆነው ይኸው ነው፤ ማንም አልተደነቀም።

በማግሥቱ ሌሊት፣ ያው ልማድ ነውና፣ ደገማት። ቁጥሩ አልገጠመም። መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን የትናንት ልኬት ነው። በሦስተኛው ሌሊት ሲያያት ግን ቀድሞ በሄደችበት አቅጣጫ፣ በዚያው መጠን ርቃለች። ከዋክብት ደግሞ እንዲህ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ኮከብ አይደለችም!

ሌሊት በሌሊት ተከታተላት። እስከ ጃንዋሪ 10 ድረስ ወደ ኋላ ስትሄድ ቆየች፤ ከዚያ ቆም ብላ ፊቷን አዙራ ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። ፕላኔቶች ከመሬት ሲታዩ እንዲህ ያደርጋሉ፤ መሬት እኛን ይዛ ስለምትሮጥ የሌላው አካሄድ የተመለሰ ይመስለናል። ጃንዋሪ 24 ቀን ፒያትሲ ደብዳቤዎች ጻፈ። ለበርሊኑ ቦደ ጅራታም ኮከብ አገኘሁ ብሎ ብቻ ነገረው። ለሚላኑ ወዳጁ ለባርናባ ኦርያኒ ግን ልቡን ከፈተለት፦ በዙሪያዋ ጭጋግ አላይባትም፣ አካሄዷም ዝግ ያለና የተስተካከለ ነው፣ ስለዚህ ከጅራታም ኮከብ የተሻለ ነገር ትሆን ይሆናል የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ በአደባባይ ለመናገር ግን አልደፍርም የሚል ነው መልእክቱ። ይህ ጥንቃቄ የፈሪ ሰው አይደለም። በሦስተኛው ሌሊት ሳያረጋግጥ የመጀመሪያውን ያላመነ ሰው፣ ምሕዋሯን ሳያውቅ ፕላኔት አገኘሁ ብሎ ቢያውጅ ነበር የሚገርመው።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ለካት። በጠቅላላው ሃያ አራት ጊዜ አይቷታል። ከዚያ ታመመ። እስኪያገግም እርሷ ወደ ፀሐይ ተጠግታ በምሽቱ ወጋገን ውስጥ ጠፋች። ለቦደ የተጻፈው ደብዳቤ በርሊን የደረሰው ማርች 20 ቀን ነው። ቦደ ደብዳቤውን እንዳነበበ ያቺ የ2.8ቷ ፕላኔት መሆኗን አልተጠራጠረም፤ ነገር ግን ሰማዩን ቀና ብሎ ቢያይ የሚያሳየው የለም። ፒያትሲም ሙሉውን የልኬት ዝርዝር የላከው በጸደይ ነው፤ በፎን ዛክ መጽሔት ታትሞ የወጣውም በሴፕቴምበር። በዚህ መዘግየት ባልደረቦቹ ቅር ተሰኙበት። ቅሬታቸው ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። በጃንዋሪ ቁጥሮቹ በሌሎች እጅ ቢገቡ ኖሮ ፍለጋው ያን ያህል ባልከበደ።

ስም ግን አውጥቶላት ነበር፤ ሴሬስ ፈርዲናንዴያ። ሴሬስ በጥንት ሮማውያን ዘንድ የእህል አምላክ ናት፤ የሲሲሊ ጠባቂም ትባላለች፤ ልጇ ተጠልፋ ወደ ሙታን ዓለም የተወሰደችው ከዚያው ደሴት ነው ይላል ተረቱ። ፈርዲናንዶ ደግሞ መመልከቻውን ያሠራው ንጉሥ ነው። የንጉሡ ስም በሌሎች አገሮች ተቀባይነት አላገኘም፤ የእህሏ እናት ብቻዋን ቀረች።

አሁን ያለው ችግር ይህ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ፌብሩዋሪ 11 ድረስ ሴሬስ በሰማይ ላይ የተጓዘችው ሦስት ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንድን ዘርግቶ በሁለት ጣት የሚሸፈን። ከዚህች ቁራጭ ተነሥቶ ከወራት በኋላ የት እንደምትወጣ መናገር የሚችል ማነው? የተሞከሩት ስሌቶች እርስ በርስ አይስማሙም። ምሕዋሯ ክብ ነው ብለው ያሰሉ ነበሩ፤ ሌላ መልክ የሰጡትም አሉ። በየጠቆሙት ቦታ ተፈለገች፤ አልተገኘችም።

በብራውንሽቫይክ ከተማ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት የፒያትሲን ቁጥሮች ከመጽሔቱ ላይ አነበበ። ደሀ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ፣ በመስፍኑ ድጎማ የተማረ ልጅ ነው። በቁጥር ሳይንስ ላይ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታትሞለታል፤ ከሒሳብ ሊቃውንት ውጭ ግን ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጋውስ ምሕዋሩ ክብ ነው ብሎ አልተነሣም። ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ልኬቶች ሦስቱን ወሰደ። የሚመለከቷት ሰዎች ያሉባት መሬት ራሷ በፀሐይ ዙሪያ እንደምትጓዝ ያዘ፤ ሴሬስም እንደማንኛዋም ፕላኔት በሞላላ መንገድ ትሄዳለች፣ የፕላኔቶችን አካሄድ ለሚገልጸው ለኬፕለር ሕግም ትገዛለች አለ። ከዚያ መልሱን ደጋግሞ እያረመ፣ በሦስቱም ቀኖች ከታየችበት ቦታ ጋር እስኪገጥም ድረስ አስተካከለው። ጥቃቅን የልኬት ስሕተቶችን የሚያስታርቅበት ዘዴም ነበረው፤ ያ ዘዴ ዛሬም በኢኮኖሚክስና በምሕንድስና ተማሪዎች ደብተር ውስጥ ይገኛል። ያገኘው መልስ ሌሎቹ ካሉት ቦታ በብዙ የራቀ ነበር። ፎን ዛክ በመጽሔቱ የዲሴምበር እትም አወጣው።

ፎን ዛክ ዲሴምበር 7 ቀን ሌሊት አንዲት አጠራጣሪ ነጥብ አየ፤ ከዚያ ደመናው ሰማዩን ዘጋበት። ሰማዩ ሲከፈትለት የዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት ነበር። በሰንቡላ ኮከቦች አካባቢ፣ ጋውስ ከጠቆመው ቦታ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ፣ ሴሬስ ቁጭ ብላለች። በማግሥቱ ሌሊት ጃንዋሪ 1 ቀን 1802 የብሬመኑ ሐኪም ሃይንሪሽ ኦልበርስ በራሱ ፍለጋ አገኛት። ከተገኘች ልክ አንድ ዓመቷ ነው። ይህን ያህል ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያመጣው አንባቢ አይቀበለውም። ጋውስ በአንድ ክረምት በመላው አውሮፓ ታወቀ፤ በ1807 የጎቲንገን መመልከቻ ኃላፊ ሆነ።

ንጉሥ ፈርዲናንዶ በደስታው የፒያትሲ ምስል ያለበት የወርቅ ሜዳልያ ሊያስቀርጽ አሰበ። ፒያትሲ በገንዘቡ ሌላ ቴሌስኮፕ ይገዛልኝ ብሎ ለመነ።

ደስታው ብዙ ሳይቆይ ተደናገረ። ኦልበርስ ማርች 28 ቀን 1802 ሴሬስን ሲከታተል ሌላ የምትንቀሳቀስ ነጥብ አየ፤ ፓላስ ተባለች። ለአንድ ባዶ ቦታ ሁለት ፕላኔት! ኸርሸል በትልልቅ ቴሌስኮፖቹ ቢያያቸው እንደ ከዋክብት ነጥብ ብቻ ሆኑበት፤ ስለዚህ ፕላኔት ለማለት አይበቁም ብሎ አስትሮይድ የሚል ስም ሰጣቸው፤ ኮከብ መሳይ ማለት ነው። ፒያትሲ ስሙን አልወደደውም፤ ፕላኔቶይድ ቢባሉ ይሻላል አለ። እኔም ብሆን ፒያትሲን እደግፋለሁ፤ ከኮከብ ጋር የሚያመሳስላቸው የሩቅ መልካቸው ብቻ ነውና። ግን የጸናው የኸርሸል ቃል ነው። በ1804 ካርል ሃርዲንግ ጁኖን፣ በ1807 ኦልበርስ ቬስታን አገኙ። ኦልበርስ እነዚህ ሁሉ የአንዲት የፈረሰች ፕላኔት ስብርባሪዎች ናቸው ብሎ አሰበ። ዛሬ የምናውቀው ተቃራኒውን ነው፤ በጁፒተር ስበት የተነሣ ፕላኔት ለመሆን ያልታደለ ጥሬ ዕቃ ነው።

በ1803 ስዊድን ውስጥ ከአንድ ከባድ ድንጋይ አዲስ ንጥረ ነገር ሲለይ፣ የሰሞኑ ወሬ ሴሬስ ነበረችና ሴሪየም ተባለ። ዛሬ የሲጋራ ላይተር ሲጫሩ ብልጭ የሚለው ድንጋይ ውስጥ ያለው ይኸው ሴሪየም ነው።

ፒያትሲ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። የመጀመሪያውን በ1803 አሳተመ፤ በ1814 ያሳተመው ሁለተኛው 7,646 ከዋክብትን ይዟል። ጁላይ 22 ቀን 1826 ኔፕልስ ላይ ሞተ። ዓይኑ እስኪደክም የለካቸው ከዋክብት ሁሉ ለስሙ ያላስገኙለትን፣ በመካከላቸው ሾልካ የገባች አንዲት ነጥብ አስገኘችለት።

ከቬስታ በኋላ ለሠላሳ ስምንት ዓመት አዲስ አልተገኘም። ሰዉም ተስፋ ቆርጦ ተወው። ካርል ሄንከ የተባለ የድሪዘን ከተማ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ብቻ አልተወም፤ አሥራ አምስት ዓመት በግሉ ሲፈልግ ኖሮ ዲሴምበር 8 ቀን 1845 አስትሪያን አገኘ። ከዚያ ወዲህ የግኝቱ ዝናብ አላቆመም። በ1850ዎቹ ቁጥራቸው ሲበዛ ሴሬስም እኅቶቿም ከፕላኔቶች ዝርዝር ወጥተው ወደ አስትሮይዶች ተዛወሩ። ዛሬ የታወቁት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በ1923 የተገኘው ሺኛው አስትሮይድ ፒያትሲያ ተባለ፤ የሺህ አንደኛው ስም ጋውሲያ፣ የሺህ ሁለተኛው ኦልበርሲያ ነው። በኦገስት 2006 ፕራግ ላይ የተሰበሰቡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕሉቶን ዝቅ ሲያደርጉ ሴሬስን ከፍ አደረጓት፤ ሁለቱም ድንክ ፕላኔት ተባሉ።

ዶውን የተባለችው የናሳ መንኩራኩር በ2007 ተነሥታ፣ ቬስታን ጎብኝታ፣ ማርች 6 ቀን 2015 ሴሬስ ደረሰች። ሩቅ ሳለች የላከቻቸው ፎቶዎች ላይ በጨለማው ገጽ መካከል የሚያበሩ ነጥቦች ታዩ። ሳይንቲስቶቹ ለወራት ተጨነቁበት። ቀርባ ስታነሣው 92 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ኦካቶር በሚባለው ጎድጓዳ ውስጥ የተነጠፈ ጨው ሆኖ ተገኘ፤ በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት። ከከርሰ ምድር የወጣ ጨዋማ ውሃ ተንኖ የተወው ነው። 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ ከአስትሮይዶቹ መቀነት ጠቅላላ ክብደት ሲሶ ያህሉን ለብቻዋ የያዘች፣ በውስጧ ብዙ በረዶ ያለባት ዓለም ናት። ዶውን በ2018 ነዳጇ አልቆ ዝም አለች፤ አሁንም ግን ሴሬስን እየዞረች ነው።

ሴሬስ በየአሥራ አምስት ወር ገደማ ከፀሐይ ትይዩ ትቆምና ሌሊቱን ሙሉ ትታያለች። ለባዶ ዓይን ትደክማለች፤ ለደህና ባይኖኩላር ግን ትበቃለች። ጨለማው ጥሩ ከሆነ ቦታ፣ የኮከብ ካርታ በሚያሳየው አቅጣጫ ያሉትን ነጥቦች በሙሉ በወረቀት ላይ ይንደፏቸው። የትኛዋ እንደሆነች በመጀመሪያው ሌሊት አያውቁም። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘው ይመለሱና ያስተያዩ፤ ቦታዋን የለቀቀችው እርሷ ናት።